የገንዳው ቦታና የጎረቤት ሐቅ

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት አዲስ ሕንፃ ሊነሣ ሲል ጎረቤት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ፎቅ ነው? ፀሐይ ይጋርደናል ወይ? መኪናው የት ይቆማል? የውኃው ግፊት ይቀንስብናል ወይ? ነገር ግን ሕንፃው ተጠናቆ ነዋሪው ከገባ በኋላ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጨው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። በጊዜው ማንም ያልጠየቀው አምስተኛው ጥያቄ ነው፦ የዚህ ሁሉ አባወራ ቆሻሻ የት ይቀመጣል?

ስለ ቆሻሻ መጻፍ ያሳፍራል የሚል ይኖር ይሆናል። ስለ ቆሻሻ ከመጻፍ ይልቅ ግን በሰው አጥር ሥር ቆሻሻ ማሳደር ይበልጥ ያሳፍራል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን ነገሩን ንቀው እንዳያልፉት አደራ እያልኩ፣ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ ጎረቤት በአዲስ ሕንፃ የቆሻሻ ማስቀመጫ ላይ ተቃውሞ ለማቅረብ ምን መብት እንዳለው። ሁለተኛ፣ ተቃውሞው ሰሚ እንዲያገኝ እንዴትና መቼ መጻፍ እንዳለበት። ሦስተኛ፣ ተቃዋሚው ራሱ ሊያልፈው የማይገባው ወሰን የት ላይ እንደሆነ።

ተነሥቶ ወዴት?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ ልጀምር። እኔ በምኖርበት በገርጂ አካባቢ አንድ አልሚ ስልሳ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩት ሕንፃ ለመሥራት ፕላን አዘጋጀ። የአልሚው ስም ለትምህርቱ ስለማይጠቅም ትቼዋለሁ። በፕላኑ ላይ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለጄኔሬተር፣ ለውኃ ታንከርና ለጥበቃ ቤት ሁሉ ቦታ ተለክቶ ተሰጥቷል። ለቆሻሻ የተተወው ግን ከግቢው ኋላ፣ የጎረቤቶችን የግንብ አጥር ተጠግቶ በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የተሣለች አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ነበረች። ብትይዝ ሁለት በርሜል ነው። ጣሪያ የላትም፣ የውኃ መውረጃ የላትም፣ በር የላትም። መተላለፊያው ደግሞ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰጋጆች ጎሕ ሳይቀድ ወደ መስጊድ የሚሄዱበት ነው።

ጎረቤቶች ተሰባስበው አቤቱታ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ፣ ገንዳው ከአጥራችን ተነሥቶ ከአስፋልቱ ማዶ ይሁን የሚል ነበር። ቋንቋውን እንድመለከተው ለእኔ በተሰጠበት ዕለት፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሐጂ ደብዳቤው ሲነበብ ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ተነሥቶ ወዴት ይሂድ?» አሉ። ከአስፋልቱ ማዶ የኮንዶሚኒየም ጀርባ ነው፤ እዚያም ሴቶች ጉሊት ዘርግተው ጎመንና ቲማቲም ይሸጣሉ። እኛ የጠላነውን ሽታ እነርሱ በምን ዕዳቸው ይሸከሙታል? አቤቱታው እንደገና እንዲጻፍ ሁሉም ተስማማ።

የሐጂ ጥያቄ የአንድ ሠፈር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የከተማችን ቆሻሻ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲጣል የኖረው በደቡብ ምዕራብ በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው ቦታ ነው። ቦታው ሲመረጥ የከተማው ዳርቻ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከተማው ራሱ መጥቶ ከበበው። በ2008 ዓ.ም ከአያት ወዲያ በደሴ መንገድ፣ በሰንዳፋ፣ አዲስ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ፤ ማስወገጃውም በዚያው ዓመት ሥራ አቆመ። የቆሻሻ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በሀገር አቀፍ ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

የአንድ ሕንፃ ሁለት በርሜልና የቆሼ ተራራ እኩል ናቸው አልልም። መንገዱ ግን አንድ ነው። ከቦሌ ፎቅ የወረደችው ፌስታል መጨረሻዋ የሌላ ሰው ደጃፍ ነው። «ከእኔ ይራቅ» ብቻ የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ቆሻሻውን የሚገፋው አቅም ወደሌለውና ድምፁ ወደማይሰማ ሰው ነው። ጎረቤት በጊዜው ሳይሰማ የተተከለ ማስቀመጫም ቢሆን ውሎ አድሮ ዋጋውን ማስከፈሉ አይቀርም።

ሕጉ ምን ይላል?

ጎረቤትን መጉዳት ክልክል መሆኑ ለአንባቢ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎረቤት ሐቅ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። ብዙዎች የማናውቀው ሊቃውንት ይህንን እስከምን ድረስ በዝርዝር እንዳዩት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1869 እስከ 1876 በዑስማንያ መንግሥት የተዘጋጀው መጀላ የተባለው የሕግ መድብል፣ ጎረቤት ቤቱ ውስጥ መኖር እስኪያቅተው ድረስ የሚያስመርረው የምድጃ ወይም የተልባ ዘይት መጭመቂያ ከባድ ጉዳት ስለሆነ መወገድ አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ ሊቃውንቱ እሳት አይንደድ፣ ዘይትም አይጨመቅ አላሉም። የከለከሉት ከመጠን ያለፈውን ነው።

የእኛው የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1225ኛው አንቀጽ እዚያው ይደርሳል። ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት የለበትም፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ማድረስም አይችልም። ልኩ የሚታየውም በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ ነው። እንግዲህ የሁለቱም ሚዛን በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ እርሱም «ልክ» የሚለው ነው። ተቃዋሚ ማስረዳት ያለበት ሽታ መኖሩን ሳይሆን ሽታው ከልክ የሚያልፍ መሆኑን ነው።

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ በ44ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን መብት በተግባር ለመጠቀም መንገድ የከፈተው ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በአዋጁ 11ኛ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። «ሊያደርስ በሚችል» የተባለው ቃል ትልቅ ነገር ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ሽታው ከመሽተቱ በፊት መናገር ይቻላል ማለት ነውና።

ቆሻሻን በቀጥታ የሚመለከተው የ1999 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ ሲያወጡ የታችኛው እርከንና ነዋሪው እንዲሳተፍ፣ ለመኖሪያ ቤቶችም በቂ የማሰባሰቢያ ሥፍራ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ስለዚህ አቤቱታ ጸሐፊ ከቆየ ወረቀት ላይ የአንቀጽ ቁጥር ከመገልበጡ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባዋል። የተሳሳተ ቁጥር የጠቀሰ ደብዳቤ እውነቱ ሳይታይ በቁጥሩ ምክንያት ይወድቃል።

ቁጥር ይናገር

በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርቡ አቤቱታዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት ሐቅ ስለሌላቸው ሳይሆን ልኬት ስለሌላቸው ነው። «እጅግ ያስጨንቀናል»፣ «ለጤናችን አስጊ ነው» የሚል ደብዳቤ የሰውን ልብ ይነካ ይሆናል፤ ፕላን የሚመረምር ባለሙያ ግን በሜትርና በሊትር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የስልሳውን ቤት ቆሻሻ ቁጭ ብለን እናስላው።

ለስሌት እንዲመቸን በአንድ ቤት አራት ሰው፣ ለአንድ ሰውም በቀን ግማሽ ኪሎ ቆሻሻ እንያዝ። ስልሳ ቤት 240 ሰው ነው፤ 240 ሰው በቀን 120 ኪሎ ያወጣል። የማድ ቤት ቆሻሻ እርጥብና ከባድ ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብ 240 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ወይም 500 ሊትር ይሆናል። ቆሻሻ የሚያነሣው ማኅበር በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመጣ በመካከሉ እስከ አራት ቀን ያልፋል፤ ስለዚህ እስከ 2,000 ሊትር ይከማቻል። አንዱ ባለ ጎማ በርሜል 240 ሊትር ቢይዝ የሚያስፈልገው ዘጠኝ በርሜል ነው። በፕላኑ ላይ ያለው ቦታ ለሁለት ነው። የቀሩት ሰባቱ የት ይቆማሉ? መልሱ ግልጽ ነው፤ መተላለፊያው ላይ፣ በሰው አጥር ሥር። ይህ አንድ አንቀጽ ስሌት ከአሥር ገጽ ምሬት ይበልጣል።

ስሌቱ የዓመት በዓልንም ማስታወስ አለበት። በአረፋ ዕለት ከስልሳው ቤት ሃያው እንኳ ቢያርድ ፈርሱ፣ አጥንቱና ሰው ያልወሰደው ቆዳ በአንድ ቀን ይወጣል። በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽም እንዲሁ ነው። ለተራ ቀን ብቻ የተለካ ማስቀመጫ በበዓል ማግስት መንገድ ይዘጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ጉዳይ እኩል ተጠቃሚና እኩል ተጎጂ ስለሆነ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢፈርሙ ተገቢ ነው።

ርቀትም ሊለካ ይገባል። በእንግሊዝ አገር የሕንፃ መመሪያ ነዋሪው ቆሻሻውን ተሸክሞ ከ30 ሜትር በላይ እንዳይሄድ፣ ማስቀመጫውም መኪናው ከሚያነሣበት ቦታ ከ25 ሜትር እንዳይርቅ ይመክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማስቀመጫው ለነዋሪው ከራቀ ፌስታሉ በደረጃው ሥር ይቀራል፤ ለሚያነሣው ከራቀ ደግሞ በርሜሉ ሳይነሣ ያድራል። የእንግሊዝ ሕግ እኛን አያዝዝም፤ ሐሳቡ ግን ጋሪ እየገፋ ከበር በር ለሚሄደው የእኛ ሠራተኛም ይሠራል። ጋሪው በበሩ ያልፋል ወይ? ቁልቁለቱን ሞልቶ ሊወርድ ይችላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በደብዳቤው ውስጥ መግባት አለባቸው።

ለቦሌ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ክዳን የሌለው ገንዳ ቁራና ጭልፊት ይጠራል፤ የምንኖረውም በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን እርግቦች በሞተሮቹ ገብተው ተከሰከሰና ከ104 ተሳፋሪና ሠራተኛ 35ቱ ሞተዋል። አንድ በርሜል አውሮፕላን ይጥላል ማለቴ አይደለም። ሺህ ያልተከደኑ በርሜሎች ባሉበት ሠፈር ግን ክዳን ቅንጦት አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

በሩን በጊዜው ማንኳኳት

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሥራውን በሦስት በሮች ከፍሎታል። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ፣ በመጨረሻም እንደ ሕንፃው ምድብ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ተቃውሞ በመጀመሪያው በር ላይ ሲቀርብ የሚያስፈልገው ላጲስና እርሳስ ብቻ ነው። በሁለተኛው በር ላይ የመሐንዲስ ድካም ይጨምራል። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ግን አልሚው ለማፍረስ፣ መሥሪያ ቤቱም ለማስፈረስ ይከብደዋል። ቆርቆሮ አጥር ሲቆም ዝም ብሎ፣ ቀለም ሲቀባ የሚጮህ ጎረቤት ሐቅ ቢኖረውም ጊዜው አልፎበታል።

ደብዳቤው ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል በሁለት ቅጂ ይቀርባል፤ አንዱ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን አስመትቶ መያዝ የግድ ነው። ከላይ የተነገሩት የ30 እና የ60 ቀን ገደቦች ያለ ቀን አይቆጠሩምና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚገባው አቤቱታም ላይ እንዲሁ ይደረግ። አዋጁ የሕንፃ ሹም በሚሰጠው ውሳኔ ቅር ለተሰኘ ሰው ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቋቁሟል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በእጁ ሊይዝ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ የፕላኑን ቅጂ ወይም የቦታውን ንድፍ፣ የመተላለፊያውን ስፋት በሜትር፣ ከላይ ያየነውን ዓይነት ስሌት።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ተቃውሞው የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር አድርጓል። ገንዳው የሚቆምበት ሥፍራ የጋራ ከሆነ ማን እንደሚያጥበው፣ መቼ እንደሚነሣ፣ በበዓል ምን እንደሚደረግ በመተዳደሪያ ደንቡ ሊጻፍ ይችላል። በስብሰባ የማይገኝ ነዋሪ በመስኮት ሲያማርር ቢውል ደንቡ አይጻፍለትም።

የተቃዋሚው ወሰን

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። በተቃውሞ ደብዳቤ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። የባለቤቱ ዘር ወይም ሃይማኖት አይነሣ። የሚመጡት ተከራዮች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ መገመት አያስፈልግም። «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» የሚለውም ከጎረቤት ሐቅ ይልቅ ወደ ንግድ ያደላል፤ በእንግሊዝም ቢሆን ፕላን የሚያጸድቁ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምክንያት አይቀበሉትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕንፃው አይሠራ ማለትና ማስቀመጫው ይስተካከል ማለት የተለያዩ ናቸው። ከተማው ቤት ይፈልጋል፤ የሚገቡትም ሰዎች ነገ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

በእኛ ሠፈር እንደገና የተጻፈው ደብዳቤ «ይነሣልን» የሚለውን ትቶ «ይስተካከልልን» አለ። ማስቀመጫው በራሱ በሕንፃው ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ጣሪያ፣ በርና የሚታጠብ ወለል ይኑረው፤ እጣቢው ወደ ዝናብ ቦይ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ መስመር ይግባ፤ ለዘጠኝ በርሜል ይብቃ፤ ቆራሌው የሚወስደው ጠርሙስ፣ ካርቶንና ብረት ለብቻው የሚቀመጥበት ጥግ ይኑረው፤ የሚነሣበት ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይታወቅ የሚሉ ነጥቦችን ያዘ። አልሚውም ሁለት የመኪና ማቆሚያ ቦታ ቀንሶ ማስቀመጫውን ወደ ውስጥ ለማስገባት ተስማማ። ስለ ቀንና ሰዓት የቀረበው ጥያቄ ግን ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ድረስ መልስ አላገኘም። ያለ እርሱ ደግሞ የተሠራው ክፍል በሳምንቱ ተመልሶ ገንዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ሥራው ገና ነው።

ሌላም አለ። ጎረቤቱን በልክ የሚጠይቅ ሰው ራሱንም በልክ መጠየቅ አለበት። የራሱን ቆሻሻ ሳይለይ በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ የሚያወጣ፣ በሌሊት ከአጥሩ ውጭ የሚያስቀምጥ፣ የሚያነሡትን ሠራተኞች በስማቸው የማይጠራ ሰው፣ በሌላው ገንዳ ላይ ቢፈርም ፊርማው ክብደት የለውም። ለጽዳት ከውኃ ሂሳብ ጋር ከፍያለሁ ማለትም አይበቃም፤ ገንዘቡ ጋሪውን ያንቀሳቅስ ይሆናል፣ ያልተለየውን ቆሻሻ በእጅ የሚለየው ግን ሰው ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሠፈራችሁ ቆርቆሮ አጥር ስታዩ ስለ ፎቁ ቁጥር ብቻ አትጠይቁ። ቆሻሻው የት እንደሚያድር፣ በስንት ቀን እንደሚነሣ፣ ከዚያም ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። የመጀመሪያው መልስ አጥራችሁን ያድናል። ሁለተኛው መንገዱን ያድናል። ሦስተኛው ደግሞ ፊቱን አይታችሁት የማታውቁትን፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ከክምሩ ሥር ቤት የሠራውን ሰው ይመለከታል። ሐቁን ለመጠየቅ ወደዚህ የሚመጣበት አቅም ስለሌለው፣ በእኛ ደብዳቤ ውስጥ አንድ መስመር ሊኖረው ይገባል።